ባሕር ዛፉን ረስቼው ነበር

ሥራዬ የእንጨት ቶርኖ ነው፤ እንጨቱን በማሽን እያሽከረከርኩ በመሮ እቀርጻለሁ። የአልጋና የጠረጴዛ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ እያወጣሁ ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት እንጦጦ ግርጌ ያለች አንዲት አነስተኛ ሙዚየም ስለ አካባቢው ደን ዐውደ ርዕይ ልታዘጋጅ አሰበች። የእንጨት ናሙና የሚሠራ ሰው ሲፈለግ ስሜ ተነሣ። እኔም ከእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ገበቴ በቶርኖ ላውጣ፣ አጠገቡም ልጡ ያልተነሣ ቁራጭ ይቀመጥ አልኩ። ሰው በእጁ እንዲነካው እንጂ ከመስታወት ጀርባ እንዲያየው አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ እንጨቱ ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ሕግ የሚጠብቃቸው ዛፎች ናቸው። ለዐውደ ርዕይ ብሎ የቆመ ጽድ መቁረጥ ደግሞ ለኔ ነውር ነው። ስለዚህ የወደቀና የተጣለ ፍለጋ ወጣሁ። ጽዱን ከፈረሰ የጭቃ ቤት ምሰሶ አገኘሁ። ዝግባው የአሮጌ ወለል ጣውላ ነበር። ዋንዛው የተሰነጠቀ ሙቀጫ፣ ወይራው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ። ኮሶ አጣሁ፤ ቦታውን ባዶ ተውኩት።

የጽዱ ምሰሶ አስገረመኝ። መሬት ውስጥ የኖረው ጫፉ እንኳ ምስጥ አልነካውም። መሮው ገና ሲነካው ያ ሽታው ቤቱን ሞላው። ግን እንጨቱ ውስጥ ምስማር ተቀብሮ ስለነበር የመሮዬን ስለት ነከሰው። ከዚያ ወዲህ አሮጌ እንጨት ላይ ማግኔት ሳላዞር ቶርኖ አላስነሣም። ጽድ ቶሎ ይፈረካከሳል። መሮው በደንብ ካልተሳለና ትንሽ ትንሽ ካልወሰዳችሁ ጠርዙ ይበላል። አቧራውም ጉሮሮ ይይዛል፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ከሁሉም ያስተማረኝ ወይራው ነው። እርጥቡን በአንድ ቀን ቀጭን አድርጌ ጨረስኩት። በጣም አምሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአፉ እስከ ቂጡ ተሰነጠቀ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በአንድ ወገን ብዙ፣ በሌላው ጥቂት። መላው ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው። መጀመሪያ ወፍራም አድርጋችሁ ትተዉታላችሁ። ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ ግድግዳው 2 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። የተቆረጠውን ጫፍ የቀለጠ ሰም ትቀቡታላችሁ። ከዚያ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ጆንያ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ። እኔ በየሳምንቱ እመዝነው ነበር። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ቶርኖው ይመለሳል። ሁለተኛው ወይራ ወራት ፈጀብኝ። የተልባ ዘይት ስቀባው ግን ያ ጥቁርና ቡናማ መስመሩ ወጣ፤ ዓይን አይጠግበውም።

በመክፈቻው ቀን ቶርኖዬን ሙዚየሙ ግቢ አስገባሁት። የተጻፈውን የሚያነብ ጥቂት ነበር። ፍቅፋቂው መውደቅ ሲጀምር ግን ልጆች ከበቡኝ፤ እያፈሱ ያሸቱ ጀመር። አንዲት አሮጊትም ቀረቡ። የወይራውን ፍቅፋቂ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ዝም አሉ።

«የእናቴ የወተት ዕቃ» አሉ ቆይተው። በወይራ የታጠነውን ማለታቸው ነበር።

ከዚያ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ልጄ፣ ባሕር ዛፉስ የታል?»

«እማማ፣ እሱ እኮ ያገራችን ዛፍ አይደለም። ከአውስትራሊያ የመጣ ነው።»

«ይሁና። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት እሱን ከዚህ ተራራ ተሸክሜ እያወረድኩ ነው።»

መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። ምኒልክ እንጦጦ ከከተሙ በኋላ የአካባቢው ደን ለቤትና ለማገዶ አለቀ። ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ተደርሶ ነበር። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ አደገና አዲስ አበባ እዚሁ ቀረች። የሰፈራችን ጭቃ ቤት ሁሉ አጥንቱ ባሕር ዛፍ ነው። እንጀራችን የተጋገረው በቅጠሉ ነው። ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም የሚለው ክርክር እንዳለ አውቃለሁ፤ በአገር በቀል ዛፍ ሲተካም ደስ ይለኛል። ግን የእንጦጦን ደን ታሪክ እየነገርኩ እሱንና የተሸከሙትን ሴቶች መዝለሌ ትልቅ ጥፋት ነበር። ከማንም በፊት ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እናቴም በሱ ነው የጋገረችልኝ።

በማግስቱ የባሕር ዛፍ ግንድ ገዛሁ። አስቸጋሪ እንጨት ነው። ውስጡ እንደተወጠረ ነው፤ ስትቆርጡት ይጣመማል፣ ይፈነዳል። ሁለቱ ተበላሹብኝ። ሦስተኛው ገበቴ ከነቅርጹ ደረቀ፤ አንድ ስንጥቅ ግን ከአፉ ወርዶ መሃሉ ላይ ቆመ። ልጥለው ነበር። ከዚያ ቅል ሲሰነጠቅ እንደሚሰፋ ትዝ አለኝ። ስንጥቁን ግራና ቀኝ በትራፓኖ በሳሁና በጠፍር ሰፋሁት።

አሁን ከጽዱና ከወይራው መሃል ተቀምጧል። አጠገቡ የሴቶቹን ሸክም የሚናገር ጽሑፍ አለ። እማማ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተመልሰው መጡ። ገበቴውን አንሥተው ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱት።

«ጠፍሩን ሳታርሰው ነው የሰፋኸው» አሉኝ። «እርጥቡን ብትሰፋው ኖሮ ሲደርቅ ጥብቅ ይል ነበር።»

ዛሬ ማታ ፈትቼ አዲስ ጠፍር ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌያለሁ።