ውሃ አልረጭ ያለ የመጫወቻ ሽጉጥ

የልጆች የውሃ ሽጉጥ መርጨት ሲያቆም አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም። ወይ የፒስተኑ (ውሃውን የሚገፋው ዘንግ) ጎማ ደርቋል፣ ወይ ቫልቩ ውስጥ አሸዋ ገብቷል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ፈልጉ።

ትንሿ ሽጉጥ ቃታዋ በተሳበ ቁጥር አንዴ ነው የምትረጨው። ውስጧ ፒስተን፣ ቃታውን የሚመልስ ሞላና ሁለት ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቮች አሉ፤ አንዱ ውሃ ያስገባል፣ ሌላው ወደ አፈሙዙ ያሳልፋል። ትልቁ ደግሞ በፓምፕ አየር የሚታመቅበት ነው። ይህን ዓይነት ያስፋፋው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሎኒ ጆንሰን የፈለሰፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ውሎ በኋላ ሱፐር ሶከር የተባለው ነው።

ትንሿን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቃታዋን አሥር ጊዜ ያህል ሳቡ። ከዚያ በኋላ ከረጨች ቫልቩ ደርቆ ነበር፤ ሥራው አለቀ። ቃታው ባዶ ሆኖ ከቀለለ መምጠጫ ቱቦው ወልቋል ወይም ቫልቩ አይዘጋም። ጠንክሮ አልሳብ ካለ አፈሙዙ ተደፍኗል፤ በቀጭን መርፌ ጥረጉት፣ ግን ቀዳዳውን አታስፉት፤ ከሰፋ ውሃው ሩቅ አይሄድም። ተስቦ ካልተመለሰ ጥፋቱ የሞላው ነው። ባለ ፓምፑ ግፊት አልይዝ ካለ ክዳኑና የፓምፑ ዘንግ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ አየሩ የሚያመልጥበት ነው። የክዳኑ ጎሚኒ ብቻ ከሆነ ሌላ ምንም አትፍቱ።

ለመክፈት መጀመሪያ ግፊቱን ልቀቁ፣ ውሃውን ድፉ። ብሎኖቹ ወደ ላይ እንዲሆኑ አስተኙትና ፍቱ፤ አንዱ ብሎን ብዙ ጊዜ ተለጣፊ ወረቀት ስር ይደበቃል። ርዝመታቸው ስለሚለያይ የሽጉጡን ቅርጽ ወረቀት ላይ ስላችሁ እያንዳንዱን በቦታው አስቀምጡ። የላይኛውን ግማሽ ስታነሱ በሌላው እጃችሁ ሞላውን ሸፍኑት፣ ተፈናጥሮ ይጠፋል። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ብሎን የሌለው፣ ዙሪያውን የተጣበቀ ሽጉጥ ግን ሳይሰነጠቅ አይከፈትም፤ እሱን ከመዘፍዘፍ ውጭ ባይነኩት ይሻላል።

ቫልቩን በአፍ መሞከር ይቻላል፤ በአንድ በኩል ሲነፋ ማሳለፍ፣ በሌላው መዝጋት አለበት። በሁለቱም ካሳለፈ ትንሿ ኳስ ወይም የጎማ ክቧ ላይ ቆሻሻ አለ። ነጭ የውሃ ጨው ከያዘው እኩል በሆነ ኮምጣጤና ለብ ያለ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። የብረቱን ሞላ አብራችሁ አትክተቱ፣ ይዝጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው የፒስተኑ ኦሪንግ፣ ማለትም ቀለበት መሳዩ ጎማ ነው። አውጥታችሁ ጠምዘዝ ስታደርጉት ስንጥቅ ከታየ ወይም አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ቀይሩት። አዲሱ ትንሽ ተለጥጦ የሚገባ፣ ከገባ በኋላም ከቦዩ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚታይ መሆን አለበት። አሮጌው ደህና ሆኖ ከላላ ብቻ ከሥሩ አንድ ወይም ሁለት ዙር የቴፍሎን ቴፕ ጠቅልሉ። ከዚያ የሲሊኮን ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል፤ የምግብ ዘይትም እየቆየ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ማጣበቂያ ላይ ብዙ ተስፋ አልጥልም። ፕላስቲኩ ላይ ዓይነቱን በሚያሳየው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2፣ 4 ወይም 5 ከተጻፈ ተራ ሱፐር ግሉ አይዘውም። ሌላ ዓይነት ከሆነና ግፊት የሌለበት ታንከር ከተሰነጠቀ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ ከሁለት ቱቦ የሚቀላቀለውን ኢፖክሲ ማጣበቂያ ቀቡና 24 ሰዓት ተዉት። አየር የሚታመቅበት ታንከር ከተሰነጠቀ ግን አይጠገንም፤ በልጅ ፊት አጠገብ ሊፈነዳ ይችላል።

ስትገጥሙ መጀመሪያ ሁለቱን ግማሾች በላስቲክ አስራችሁ ውሃ ሞክሩበት። ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን ወደ ግራ በቀስታ አዙሩት፤ ቀጭ ሲል የድሮውን ጥርስ አግኝቷል ማለት ነው፣ ያኔ ወደ ቀኝ አጥብቁ። በጉልበት ከገባ አዲስ ጥርስ ይቆርጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜም አይዝም።

ሲቀመጥ ባዶ፣ ግፊቱ የተለቀቀና ክዳኑ የላላ ይሁን።