የጣሪያው መላእክትና የኮፒ ቤቱ ፕሪንተር

ለ24 የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾች 24 የተለያየ ኖታ ልትጽፉ ካሰባችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ፕሪንተር አላችሁ? የራሳችሁ? እኔ አልነበረኝም።

ነገሩ የተጀመረው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ጎንደር ያደገ ሰው ጣሪያውን ያውቀዋል። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ረድፍ በረድፍ ቁልቁል ያያሉ። ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ አንገት እስኪያም ካንጋጠጡ ግን የአንዱ ዓይን ከሌላው ይለያል። አስጎብኚዎች ጠዋት ሂዱ ይላሉ። እኔ አስር ሰዓት ላይ ሂዱ እላለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በምዕራቡ በር የሚገባው ብርሃን የሚያርፈው ወለሉ ላይ ነው። ጣሪያው የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ያን ጊዜ ፊቶቹ አንድ በአንድ ከጨለማው ይወጣሉ። በፍላሽ ማንሳት ክልክል ነው፤ ደግ አደረጉ። ያለ ፍላሽ በስልኬ ያነሳኋቸውንም አጥፍቻቸዋለሁ። ስልክ ጨለማውን በራሱ ጊዜ ያፈካዋል፤ እኔ የፈለግኩት ደግሞ ጨለማውን ነበር።

እንግዲህ ሐሳቡ ይኸው ነው፦ ከፊቶቹ ለሃያ አራቱ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ የአውታር መሣሪያ። 14 ቫዮሊን፣ 4 ቪዮላ፣ 4 ቼሎ፣ 2 ኮንትራባስ። ሁሉም አንድ ድምፅ ይዘው ይጀምራሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይለያያሉ። በሩ ሲከፈት ክላርኔትና ትራምፔት ይገባሉ። መሐል ላይ ንቦች አሉ። ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህቺን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ አዳናት ይባላል፤ ይህን ሰምቶ ለቫዮሊን ትሬሞሎ፣ ማለትም ቀስቱን በፍጥነት እያንቀጠቀጡ መጫወት፣ የማይጽፍ ሰው ካለ አላውቅም።

አቀናባሪው ሊጌቲ በ1961 እ.ኤ.አ. «አትሞስፌር» በተባለው የኦርኬስትራ ሥራው ላይ 56ቱንም የአውታር ተጫዋቾች ለየብቻ ጽፎላቸዋል። እሱ 56 ከቻለ እኔን 24 አያቅተኝም አልኩ። ሊጌቲ ግን አሳታሚ ነበረው። እኔ የነበረኝ ፒያሳ ያለ አንድ ኮፒ ቤት ነው።

ጽፌ ለመጨረስ አምስት ወር ፈጀ። ተጫዋቾቹን ከአዲስ አበባም ከዚሁም ለቃቀምኩ። ለአዳራሹ ደብዳቤ ለማስፈረም ስድስት ቀን ተመላለስኩ፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነበር። አሁንም ከስብሰባው የወጣ አይመስለኝም።

ከዚያ ኖታ ማተም መጣ።

የኖታ መጻፊያው ሶፍትዌር የየተጫዋቹን ኖታ ከስኮሩ፣ የሁሉም ኖታ በአንድ ላይ ካለበት፣ በራሱ ያወጣል ይላሉ። ያወጣል፣ እውነት ነው። የእኔው ግን ገጽ የሚገለጥበትን ቦታ አላሰበልኝም። ልምምዱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው በፍላሽ ዲስክ ይዤ ሄድኩ። ግማሹ እንደታተመ ላይት ጠፋ። ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። መብራቱ ሲመጣ ልጁ ወረቀት ሊቆጥብልኝ ብሎ ሁሉንም በወረቀቱ ፊትና ጀርባ አተመው። በደግነት ነው ያደረገው፤ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

በልምምዱ ቀን ሌላ ጉድ ወጣ። በኦርኬስትራ ሁለት ቫዮሊኒስት አንድ ኖታ ይጋራል፤ አንዱ ሲገልጥ ሌላው ይጫወታል። የእኔዎቹ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። የነበረን የኖታ መቆሚያ 13 ነው። የቀሩት ወንበር ላይ አስደግፈው አጎንብሰው ተጫወቱ። ከሁሉም ቀስ ተብሎ በሚጫወትበት ቦታ፣ ፊቶቹ ገና ብቅ ሊሉ ሲሉ፣ ሃያ አራቱም እኩል ገጽ ገለጡ። ፈንዲሻ ሲፈነዳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ።

ይሄ ቀላሉ ነው። ክላርኔትና ትራምፔት ሲገቡ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። የአዳራሹ ማስተጋባት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሦስት ጊዜ ተጫወትነው። በእረፍት ሰዓት ክላርኔት የሚነፉት ጋሼ ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ይሄ የተጻፈው ለሲ ቤሞል ክላርኔት ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እስቲ አንድ ጊዜ እየው።»

አየሁት። ሲ ቤሞል ክላርኔት ዶ ተጽፎለት ሲነፋ የሚሰማው ሲ ቤሞል ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይጻፍለታል። ሶፍትዌሩ ይህን ራሱ ይሠራዋል፣ ቁልፉ ከበራ። እኔ ስጽፍ እንዲመቸኝ አጥፍቼው፣ እንደጠፋ አትሜዋለሁ። የትራምፔቱም እንደዚያው። ሁለቱም ሙሉ ጠዋት አንድ ድምፅ ዝቅ ብለው ሲነፉ ማንም ትንፍሽ አላለም። ለምን ዝም አላችሁ ብላቸው «ዘመናዊ ነው ብለን ነዋ» አሉኝ።

ሌሊቱን ከእህቴ ጋር በኮላና በፕላስተር ወረቀት ስናጣብቅ አደርን። የሚታጠፍ ኖታ፣ እንደ አኮርዲዮን፤ ገጽ መግለጥ ቀረ። ምክሬም ይኸው ነው፦ ኖታ አጻጻፍ የሚያስተምሩት ስኮሩ ሲያልቅ ነው የየተጫዋቹን ኖታ የምታወጡት ይላሉ። አትስሟቸው። አምስት ደቂቃ ያህል እንደጻፋችሁ አውጡት፣ አትሙት፣ አንድ ነፊ ጠርታችሁ አስነፉት። በአንድ ወገን ብቻ ይታተም። መቆሚያ ደግሞ ቁጠሩ።

ዝግጅቱ በሰላም አለፈ፣ 11 ደቂቃ። እናቴ ንቦቹን ወደደቻቸው። በኋላ ጋሼ ክላርኔታቸውን ሳጥኑ ውስጥ እየከተቱ «ያ የተሳሳተው፣ በሩ ሲከፈት ያለው፣ ይሻል ነበር» አሉኝ። በጣም ተናደድኩ፤ አምስት ወር የደከምኩበት ነው። ቤት ገብቼ የልምምዱን ቅጂ ሰማሁት። እዚያ አራት መስመር ላይ፣ ከታች የሚጎረብጠው ድምፅ፣ በአስር ሰዓት ወለሉ ላይ የማየውን ብርሃን ይመስላል። ስኮሩ ላይ በእርሳስ ከብቤዋለሁ። እስካሁን ግን አልቀየርኩትም።