ሬዚደንሲ አቋርጬ ጅማ ላይ ሥራ ስፈልግ

አባዬ የታመመው ጥር ላይ ነው። ስትሮክ። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት። እኔ ያኔ አዲስ አበባ የውስጥ ደዌ ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም) ነበርኩ። እናቴ ብቻዋን ልታገላብጠው አልቻለችም። ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞላሁና ለአንድ ዓመት ጅማ ገባሁ።

የምማረው በግሌ ስለነበር ደመወዝ የሚከፍለኝ የለም። ያጠራቀምኳት ብር ለዳይፐርና ለፊዚዮቴራፒ ሁለት ወር አልበቃችም። (ስፖንሰር፣ ማለትም የሚያስተምራችሁ መሥሪያ ቤት፣ ያላችሁ ግን ሌላ ቦታ ከመፈረማችሁ በፊት ስፖንሰራችሁን አነጋግሩ። ውሉ የአገልግሎት ግዴታ አለበት፤ በኋላ መዘዙ ብዙ ነው።)

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም የሚያደርገውን ነው። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ማሳደድ፣ ሲቪ መላክ። አንድም የደወለ የለም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሲቪዬ ላይ "ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት" ይልና ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ያየው ሁሉ "ተባርራ ነው" ይላል። ጎረቤትም እንደዚያ ይል ነበር። አንዷ እትዬ ቡና እየጠጣን፣ እናቴ ፊት፣ "ምነው ልጄ፣ ትምህርቱ ከበደሽ እንዴ?" አሉኝ። ማታውኑ ሲቪዬን ከፍቼ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ "በአባቴ ሕመም ለአንድ ዓመት አቋርጫለሁ፤ በመጪው ጥር እመለሳለሁ።" የዊዝድሮዋል ደብዳቤውንም አያያዝኩ።

ሥራውን ያገኘሁት ግን በሲቪ አይደለም። የአባዬን የደም ግፊት መድኃኒት የምገዛበት እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለ ፋርማሲ ነው ያገናኘኝ። ፋርማሲስቱ የከተማውን ማዘዣ ወረቀት ሁሉ ያያል። የትኛው ክሊኒክ ሐኪም እንደለቀቀበት ባለቤቱ ሳያወራ እሱ ያውቃል፤ ፊርማው ይቀየራላ። "እዚያ ማዶ ያለው ክሊኒክ ቅዳሜና እሁድ ሐኪም የለውም መሰለኝ፣ ነርሷ ብቻ ናት የምትጽፈው" አለኝ። ሄድኩ። ሥራ የምትፈልጉ ጂፒዎች (ጠቅላላ ሐኪሞች)፣ ከቴሌግራሙ በፊት ፋርማሲ ጎራ በሉ።

"ነገ ጀምሪ" ተባልኩ። አልጀመርኩም። የሙያ ፈቃዴ ጊዜው አልፎበት ነበር! ሬዚደንሲ ላይ ሆኜ ማን ያስታውሰዋል? ለማሳደስ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) ነጥብ ያስፈልጋል፤ የእኔ ሰርተፍኬቶች ደግሞ ግማሾቹ አዲስ አበባ የጓደኛዬ አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ናቸው። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

በዚያው መሀል አንድ ሰው ደወለ። ሥራ መግባት አይጠበቅብሽም፣ ፈቃድሽን ብቻ ስጪን፣ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፣ በየወሩ እንከፍልሻለን አለኝ። ገንዘቡ ያጓጓ ነበር፤ አልዋሽም። ግን እኔ ባላየሁት በሽተኛ ላይ ስህተት ቢሠራ የሚጠየቀው ስሜ ነው። ደግሞም ፈቃድ አንድ ቦታ ከተመዘገበ ያለ መልቀቂያ ሌላ ቦታ መግባት ጣጣ ነው። እምቢ አልኩ።

ክሊኒኩ ገባሁ። የቅዳሜና የእሁድ ዲዩቲ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ግማሽ ቀን። ባለቤቱ የቆዩ ጤና መኮንን ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ክፍያውን፣ የዲዩቲ ሰዓቱንና የምለቅበትን ቀን በወረቀት አድርገን ተፈራረምን። የምለቅበትን ቀን መናገር ያስፈራኝ ነበር። ጋሼ ግን "ተመስገን፣ ያለፈው ሐኪም ሳይነግረኝ ነው የጠፋው" አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ስገባ ሁለት ልጆች መሰላል ላይ ወጥተው ባነር ይሰቅላሉ። ስሜ በቀይ፣ ከሥሩ "የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት"። ዝናብ ያካፋል፣ እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ዶክተር፣ ግማሹን ጨርሰሽ የለ? ሕዝቡ ለግማሹም ይመጣል።"

"ፈቃዴ ጠቅላላ ሐኪም ነው የሚለው። ኢንስፔክሽን ቢመጣ እርስዎ ክሊኒክዎን፣ እኔ ፈቃዴን ነው የምናጣው። ወይ ባነሩ ይውረድ ወይ እኔ ልሂድ።"

ዝም ብለው ቆዩና ልጆቹን አስወረዷቸው። ለሦስት ቀን ያናገሩኝ በሰላምታ ብቻ ነው።

ሌላው ጭቅጭቃችን ታይፎይድ ነበር። እዚህ አገር ትኩሳት ያለበት ሁሉ "ታይፎይዴ ተነስቶብኝ ነው" ብሎ ይመጣል። ክሊኒኩም ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ የደም ምርመራ ይልካል፤ ፖዘቲቭ ይላል፤ መድኃኒት ይሸጣል። አንድ ጊዜ የሚሠራ ዊዳል ግን ድሮ የያዘን በሽታ ፀረ እንግዳ አካልም ሊያሳይ ይችላል፤ በሱ ብቻ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም። እኔ ዊዳል መላክ ስቀንስ ጋሼ የላብራቶሪውን መዝገብ ገለጥ ገለጥ አድርገው ያሳዩኝ ጀመር። ምንም አይሉም። ይገልጣሉ ብቻ።

አንድ ቅዳሜ ከአሰንዳቦ፣ ከግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ፣ አንድ ገበሬ መጣ። በኦሮምኛ ነው የምናወራው። በአራት ወር ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ተብሎ ታክሟል፤ የማዘዣ ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟቸዋል። የደም ስላይድ አሠራሁለት። ቡሳ ነው፣ ወባ፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት። ይሄኛው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይመለሳል፤ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋው መድኃኒት፣ ፕሪማኩዊን፣ በሥርዓቱ ካልተወሰደ ተመልሶ ተመልሶ ይመጣል። ሰውየው "ተነስቶብኛል" ማለቱ ልክ ነበር፤ የበሽታው ስም ነው የተሳሳተው። በሁለተኛው ሳምንት አማቹን ይዞ መጣ። ወዲያው የወንድሙን ሚስት። ጋሼም መዝገቡን ማሳየት ተዉ፤ ተስማምተው ይሁን ወይ በሽተኛው ስለበዛ፣ አልጠየቅኳቸውም።

በሌሎቹ ቀናት ለጥናት መረጃ የሚሰበስቡ ልጆችን ሱፐርቫይዝ አደርግ ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገና በ1983 እ.ኤ.አ. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲጀመር ጀምሮ ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ የሚያወጣ ስለሆነ እዚህ መጠይቅ የያዘ ሰው ብርቅ አይደለም። ክፍያው ይዘገያል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ቤት ደርሼ አባዬን ለማንቀሳቀስ ይመቸኛል። በመስከረም በከዘራ እስከ በር ወጣ።

ጥር ሲደርስ መልቀቂያና የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ጋሼ በራሳቸው እጅ ጽፈው፣ ማኅተም መትተው ሰጡኝ። በጓሮ በኩል ስወጣ ጄኔሬተሩን አየሁት። ዝናብ እንዳይነካው ያንን ባነር አልብሰውታል። ስሜ በአንድ በኩል ተጣጥፏል፤ በሌላው በኩል "ስፔሻሊስት" የሚለው በቀይ ይታያል።