ፌስታሉን ሳትገለብጡ ይርጋ አትቁጠሩ

ባለፈው ሳምንት ችሎቱ ባለጉዳዬን ያባረረው አሠሪ ያቀረበውን የይርጋ መቃወሚያ (ክስ የማቅረቢያው ጊዜ አልፏል የሚለውን) ውድቅ አድርጎ ወደ ፍሬ ጉዳዩ እንድንገባ ብይን ሰጠልን። ለብዙዎቻችሁ ተራ ብይን ነው። እኔ ግን የጥብቅና ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ከችሎት ወጥቼ አላውቅም። ከአሥር ወር በፊት በዚሁ በይርጋ የአንዲት ባለጉዳይ መብት እጄ ላይ ቀርቶ ነበር። ወደ ነጻ የሕግ ድጋፍ ለመግባት ለምታስቡ ሁለቱንም ልንገራችሁ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁበት መንገድ አጭር ነው። ተማሪ ሳለሁ በሕግ ክሊኒክ ማመልከቻ እጽፍ ነበር፤ ከተመረቅኩ በኋላ ከአንድ ጠበቃ ሥር ሠራሁ፤ ፈቃዴን ሳገኝ ወደ ነጻ ድጋፉ ተመለስኩ። በወንጀል የተከሰሰ ሰው አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(5) ደንግጓል። ከሥራ የተባረረ ሰው ግን አሠሪው ጠበቃ ይዞ ሲመጣ ብቻውን ይቆማል። ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ይህ ነው።

ያቺ ባለጉዳይ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ታሪኳን ከተቀጠረችበት ቀን ጀምራ ስትነግረኝ፣ ስንብቱ ሕገወጥ መሆኑን ለማረጋገጥ ቸኩዬ መሃል ላይ አቋረጥኳት። ጉዳዩ ጠንካራ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ተደስቼ ለሁለት ሳምንት ቀጠርኳት። ክሱን ልጽፍ ስቀመጥ ነው የስንብት ደብዳቤውን ቀን ልብ ያልኩት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አራት ቀን አልፏል። ቢሮዬ የመጣች ዕለት አሥር ቀን ቀርቷት ነበር።

ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጩ ክፍያዎች ስድስት ወር ስላላቸው ካሳዋንና የስንብት ክፍያዋን አስፈርደናል። እሷ የፈለገችው ግን ሥራዋን ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለመንገር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔም ቀኑን መናገር ነበረብኝ» አለች። ያ ንግግር እስካሁን ያመኛል፤ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለወጥኩ። ባለጉዳይ ሲመጣ ጠረጴዛዬን ባዶ አደርጋለሁ። «ደብዳቤው እጅዎ የገባው መቼ ነው?» ብዬ እጠይቅና ቀኑን በትልቁ እጽፋለሁ። ቀጥሎ ይዘውት የመጡትን ፌስታል ራሳቸው እንዲገለብጡት እለምናለሁ። ወረቀቱን ሁሉ፣ የማይረባ የሚመስለውንም፣ በቀን ቅደም ተከተል እደረድራለሁ። ማኅተም ካለ ፊትና ጀርባውን አያለሁ። ታሪኩን የምሰማው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ አላቋርጥም። ብዙ ቢሮዎች የሚጠቀሙበት ቅጽ በ«የጉዳዩ ዓይነት» መጀመሩ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። የጉዳዩ ዓይነት ነገም ይታወቃል፤ ቀኑ ግን ዛሬ እየሄደ ነው።

የባለፈው ሳምንት ባለጉዳይ በዕድሜ የገፉ ጥበቃ ናቸው። ወደ እኔ ሲመጡ ከተባረሩ አምስት ወር ሊሞላቸው ነበር። አባባ፣ ሥራውንስ አጥተነዋል ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፌስታሉ ውስጥ የቀበሌ መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀቶችና በአራት የታጠፈ ፎቶ ኮፒ ነበር። ፎቶ ኮፒው ጉርድ ፎቶዎቻቸውን የጠቀለሉበት ነው። ዘርግቼ አየሁት፤ ከስንብቱ በአርባኛው ቀን ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ያስገቡት አቤቱታ ነው፤ ጥጉ ላይ የገቢ ማኅተም አለው፤ ቀኑ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። «ይሄ ምንም አላደረገልኝም፤ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ሂድ የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ» አሉ። ያም ደብዳቤ እዚያው ነበር፤ ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ሕጉን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጠው ድረስ የይርጋውን ቆጠራ ያቋርጣል። የአሠሪው መቃወሚያ የወደቀው በዚያች ማኅተም ነው።

ሌላም የማልለቀው ልማድ አለኝ፤ ክሱን ባለጉዳዩ ከመፈረሙ በፊት በተራ አማርኛ አነብለታለሁ። ጊዜ ይበላል። ነገር ግን በሰው ስም ተጽፎ ሰውየው የማያውቀው ነገር ችሎት ላይ ሲጠየቅ አይቻለሁና አልተወውም።

በግል የምትሠሩ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠይቅ ነበር። ያን ያህል ሰዓት በስልክ ምክር ከምትጨርሱት ሁለት መዝገብ ይዛችሁ እስከ አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርዱ በተግባር እስኪፈጸም፣ ብትሄዱ ይሻላል ባይ ነኝ። እርግጥ እኔም አፈጻጸም ላይ ገና ደካማ ነኝ፤ ፍርድ አግኝተው ገንዘቡን ያላገኙ ሁለት ሰዎች አሉኝ። በመስቀለኛ ጥያቄም ገና አልተካንኩም።

አሁን የያዘኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ነገ የምትመጣው የቤት ሠራተኛ ናት፤ የስድስት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። የግል አገልግሎት ቅጥር ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ ስለሆነ ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚሄደው። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ፣ ደብዳቤ የለ፤ ባዶ እጇን ነው የምትመጣው። ያለችኝ ምስክር የጎረቤት ሠራተኛ ብቻ ናት፤ እሷም እንጀራዋን ፈርታ እያመነታች ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ የያዛችሁ ካላችሁ የደመወዙን ልክ በምን አስረዳችሁ?