አፖሎ 13ን በአምፒር ሒሳብ ማየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ቤተሰብ። ወደ ጨረቃ ሲጓዝ መንገድ ላይ አደጋ ስለገጠመው የአሜሪካ በረራ፣ ስለ አፖሎ 13 የማደርገው ጥናት የት እንደደረሰ ለጠየቃችሁኝ ይኸው። አሠራሬ ቀላል ነው። ሮን ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣውን ፊልም አንድ ትዕይንት አያለሁ፣ አቆመዋለሁ፣ ከዚያ ያ ሰዓት በእውነተኛው በረራ ላይ ምን ይመስል እንደነበር ከናሳ የንግግር ጽሑፍና ከቁጥጥር ክፍሉ የድምፅ ቅጂ እፈልጋለሁ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ንግግሩ በምሕጻረ ቃል የታጨቀ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያደክማል፤ ጆሮ ግን ቶሎ ይለምዳል።

አሁን ኤሌክትሪኩ ላይ ነኝ። ከዚህ ክፍል መውጣትም አልቻልኩም። ፊልሙ ስለ ብርዱ፣ ስለ አየሩና ስለ ሞተሩ ብዙ ያሳየናል፤ ሦስቱን ሰዎች ቤታቸው ያስገባቸው ግን ከሁሉ በላይ የኤሌክትሪክ ቁጠባ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጥሮቹን ላስቀምጥና እናንተም ፍረዱ።

ጂም ላቭል፣ ፍሬድ ሄይዝና ጃክ ስዋይገርት ከፍሎሪዳ የተነሱት ሚያዝያ 3 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 11፣ 1970። 56 ሰዓት ገደማ ከበረሩ በኋላ፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ንጋት 12 ሰዓት አለፍ እንዳለ፣ ቁጥር 2 የኦክስጅን ታንክ ፈነዳ። ከምድር ከ320,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነበር። ኦክስጅኑ ደግሞ ለመተንፈሻ ብቻ አልነበረም። ፊውል ሴል የሚባሉት መሣሪያዎች ከሃይድሮጅን ጋር እያዋሐዱ ኤሌክትሪክም ውሃም የሚያመርቱት ከእሱ ነው። ታንኩ ሲሄድ መብራቱም ውሃውም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ዋናዋ መንኮራኩር ኦዲሴይ የቀሯት ሦስት ትናንሽ ባትሪዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው 40 አምፒር-ሰዓት (ማለትም 1 አምፒር ለ40 ሰዓት፣ ወይም 40 አምፒር ለአንድ ሰዓት የሚሰጥ)። እነሱ የተቀመጡት ወደ ምድር አየር ሲገቡ ለሚያስፈልገው የመጨረሻ ጉዞ ብቻ ስለሆነ መነካት የለባቸውም። ስለዚህ ኦዲሴይን አጥፍተው ጨረቃ ላይ ሊያርፉባት ወደነበረችው ወደ አኳሪየስ ተሸጋገሩ።

ሒሳቡ የሚጀምረው እዚህ ነው። አኳሪየስ የተሠራችው ለሁለት ሰው፣ ለ45 ሰዓት ገደማ ነው። ባትሪዎቿ በአጠቃላይ 2,181 አምፒር-ሰዓት ይይዙ ነበር። ለ45 ስታካፍሉት 48 አምፒር ይመጣል፤ በሙሉ አቅሟ ስትሠራ በአማካይ ልትጠቀም የምትችለው ይህን ያህል ነው። ከፍንዳታው እስከ ውቅያኖስ ግን 87 ሰዓት ነበር። ያውም ጨረቃን ዞረው ሲመለሱ ሞተሩን ከአራት ደቂቃ በላይ አስነስተው መንገዱን አሥር ሰዓት ገደማ ካሳጠሩት በኋላ። 2,181ን ለ87 ስታካፍሉት 25 ብቻ ይደርሳል። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ይበላሉ፣ ምክንያቱም ሞተሩን በትክክል ለማነጣጠር ኮምፒውተሩ መብራት ነበረበት። ስለዚህ የቀረው መንገድ ከ25ም በጣም መውረድ አለበት።

12 አምፒር ላይ አወረዱት። በ28 ቮልት ወደ 340 ዋት ይሆናል። ቤታችን ያለው የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ እነሱ በዚያ አንድ አሥረኛ ሦስት ሰው ከጨረቃ አመጡበት። ይህንን ቁጥር መጀመሪያ ሳሰላው ደጋግሜ ነው ያየሁት።

ሒሳቡን ከያዛችሁ በኋላ ፊልሙን መልሳችሁ እዩት። የተለያዩ ችግሮች የሚመስሉት ነገሮች ሁሉ ከአንድ ደብተር እንደወጡ ይገባችኋል። ኦዲሴይ ውስጥ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ የወረደው ማሞቂያውም ሙቀት የሚሰጡት መሣሪያዎችም ስለጠፉ ነው። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ ብርጭቆ በታች የሆነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ አኳሪየስ መሣሪያዎቿን የምታቀዘቅዘው ውሃ ወደ ጠፈር እያተነነች ስለነበር ብዙ ኤሌክትሪክ በተጠቀሙ ቁጥር ውሃውም አብሮ ያልቃል። ለእኔ አዲስ የሆነብኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መንገድ ማስተካከያም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ለቁጠባ ጠፍቷል፣ ስለዚህ በመስኮት በምድር ላይ ቀንና ሌሊት የሚለይበትን መስመር እያዩ አነጣጠሩ፣ ስዋይገርት በእጅ ሰዓቱ ቆጠረ፣ ሞተሩም ለ14 ሰከንድ ሠራ። ፊልሙ ይህንን ረዘም አድርጎ፣ መንኮራኩሯን እያንገጫገጨ ነው ያቀረበው። እውነተኛው ሞተር በዝቅተኛ ጉልበት ነበር የሠራው፣ ነገሩም ይበልጥ የተረጋጋ ነበር።

ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጣሪያው አልዘረዝርም። አራት ማዕዘኑን ማጣሪያ ለክብ ቀዳዳ በፕላስቲክ፣ በካርቶንና በፕላስተር እንዴት እንዳገጣጠሙት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ፊልሙም በደንብ ሠርቶታል።

የቆየሁበት ኦዲሴይን መልሶ ማብራቱ ላይ ነው። በረዶ ሆና የከረመች መንኮራኩርን በጠፈር ላይ ከዜሮ ማስነሳት ከዚያ በፊት ማንም አድርጎት አያውቅም። የኤሌክትሪክ በጀቱን የያዘው ጆን አሮን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር፤ ፊልሙ አልረሳውም፣ ጥሩ ትዕይንት ሰጥቶታል። በተለምዶ ሦስት ወር የሚፈጀውን የቅደም ተከተል ሰነድ በሦስት ቀን ጻፉት። የትኛው ማብሪያ ቀድሞ፣ የትኛው ቀጥሎ፣ በመካከል ስንት አምፒር ይስባል። ፊልሙ ላይ ከበረራው የቀረው ጠፈርተኛ ኬን ማቲንግሊ ይህንን ለብቻው የተሸከመው ይመስላል፤ እሱ ትልቅ ድርሻ ነበረው፣ ሥራው ግን የብዙ ሰው ነው።

እዚህ ውስጥ በጣም የምወደው ነገር ገመዱ ነው። ሁለቱን መንኮራኩሮች የሚያገናኝ ገመድ ነበረ። ሥራው ከኦዲሴይ ወደ አኳሪየስ ኃይል መላክ ነው። እነሱ ግን አገላብጠው ከአኳሪየስ ወደ ኦዲሴይ ላኩበትና ባትሪዋን ቻርጅ አደረጉ። የሶላር ባትሪ ላይ የምትሠሩ ልጆች ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ከእኔ በላይ ይገባችኋል። ሲያበሯት ደግሞ ከሰሌዳዎቹ ጀርባ ሁሉ የውሃ ጠብታ ነበር። ሾርት አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሦስት ሰው ከገደለው የአፖሎ 1 ቃጠሎ በኋላ ሽቦዎቹ በደንብ እንዲሸፈኑ መደረጉ እዚህ ላይ አዳናቸው።

አደጋው ራሱም የተጀመረው ከኤሌክትሪክ ነው፣ ፊልሙ ግን መጨረሻ ላይ በጥቂት ቃል ያልፈዋል። ታንኩ ውስጥ ያለው የማሞቂያ ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲበዛ ማሞቂያውን የሚያጠፋው) ለ28 ቮልት ነበር የተሠራው። በማስወንጨፊያው ቦታ የሚሰጠው ኃይል ደግሞ 65 ቮልት። ከበረራው ሳምንታት በፊት ታንኩን ባዶ ለማድረግ ማሞቂያው ለስምንት ሰዓት ገደማ በርቶ ቆየ፣ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ አልቆረጠም፣ ውስጡ ወደ 540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ አልቀረም። የሙቀት መለኪያው ደግሞ ከ27 ዲግሪ በላይ አያሳይም ነበር! የሽቦው ሽፋን ተቃጠለ፣ ማንም አላወቀም፣ ጠፈር ላይ የታንኩን ማራገቢያ ሲያበሩት ብልጭታ ተነሳ። ይህ አንድ ሙሉ ትዕይንት ይገባው ነበር ባይ ነኝ።

ሌላም ቅር የሚለኝ አለ። ስዋይገርትና ሄይዝ የሚጣሉበት ትዕይንት የፈጠራ ነው፤ የድምፅ ቅጂው ላይ ያሉት ሰዎች እጅግ ጨዋ ናቸው። ፊልሙ የበረራ ዳይሬክተሩን ጂን ክራንዝን ማዕከል ስላደረገም ሌላው የበረራ ዳይሬክተር ግሊን ለኒ ደብዝዟል፤ ከፍንዳታው አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ወንበሩን ተረክቦ ወደ አኳሪየስ የተደረገውን ሽግግር የመራው እሱ ነው። ያንን ክፍል ስሙት። ድምፁ አንድም ጊዜ ከፍ አይልም። እንዲያም ሆኖ ፊልሙን እወደዋለሁ። ክብደት አልባውን ትዕይንት በእውነተኛ የናሳ አውሮፕላን ውስጥ፣ በየሃያ ምናምን ሰከንዱ እየተንሳፈፉ ነው የቀረጹት፣ እና ያ ያስታውቃል።

ቀጣዩ ሥራዬ በየሰዓቱ የተጠቀሙትን አምፒር በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው፣ ከፍንዳታው ጀምሮ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ምሽት 3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ፓስፊክ ላይ እስካረፉበት። አኳሪየስ ስትለቀቅ ከኤሌክትሪኳ 20 በመቶ ያህል ተርፎ ስለነበር ሠንጠረዤ እዚያው ቁጥር ላይ መውደቅ አለበት። ባትሪዎቹ የብርና የዚንክ ናቸው። በዚህ ዓይነት ባትሪ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ብርድ ላይ አቅሙ እንዴት እንደሚወርድ ልምዳችሁን አካፍሉኝ፣ ሠንጠረዡንም እልክላችኋለሁ።