ርካሹ ክፍል ርካሽ ያልነበረበት ጉዞ

ልጆቼን አሜሪካ ኦርላንዶ አጠገብ ወደሚገኙት የዋልት ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ፓርኮች ለመውሰድ ስነሣ፣ ያገኘሁትን ዝቅተኛ የሆቴል ዋጋ ሳላመነታ ያዝኩ። ስንደርስ በየሌሊቱ «የሪዞርት ክፍያ» የሚሉት የግዴታ ክፍያ ተጨመረበት፤ መኪና ማቆሚያውም ለብቻው ይከፈላል ተባልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ሂሳቡን ስታሳየኝ ትንሿ ልጄ ሻንጣው ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ወዴት እሄዳለሁ? ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ የማየው የመጨረሻውን ድምር ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያዎችን በሚያስተዋውቁት ዋጋ ውስጥ እንዲያካትቱ ያዛል፤ እንደ አማራጭ የሚቆጠረውን የመኪና ማቆሚያ ግን አሁንም እጠይቃለሁ።

በሁለተኛው ጉዞ ከራሱ ከዲዝኒ ሆቴሎች ርካሽ ከሚባሉት አንዱን መረጥኩ። የሌሊቱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን መኪና ማቆሚያው ነፃ ነው፣ ወደ ፓርኮቹ የሚወስደው አውቶቡስም ነፃ ነው፣ የፓርኩ በርም ለሆቴሉ እንግዶች 30 ደቂቃ ቀድሞ ይከፈታል። ያንን ግማሽ ሰዓት የሚንቅ ሰው ትናንሽ ልጆች ይዞ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ አያውቅም!

ክፍሉን የያዝኩት ያለ ቅጣት መሰረዝ በሚቻልበት ውል ነበር። በየሳምንቱ ዋጋውን እያየሁ ቆየሁ፤ አንድ ማክሰኞ ማታ ሲቀንስ አዲሱን ያዝኩና የቀድሞውን ሰረዝኩ።