ዮጋ በደብረ ብርሃን ብርድ

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሳሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱ ስፖርት ነው። እኔ ጭራሽ ብርድ ልብሱን አጥፌ መሬት ላይ አነጠፍኩት። የዮጋ ምንጣፍ የለኛ! ስልኬን ግድግዳ አስደግፌ ቪዲዮውን ከፈትኩ።

አምስተኛ ቀኔ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጎንበስ ስል ጣቶቼ ከጉልበቴ ብዙም አልወረዱም። ዛሬ ቁርጭምጭሚቴን ነካሁ! (ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል።)

"ቁልቁል የሚያይ ውሻ" የሚሉት አለ። እጅና እግር መሬት፣ መቀመጫ ወደ ሰማይ። እንደዛ ሆኜ እናቴ በሩን ከፈተች። ቆም ብላ አየችኝና "ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ?" አለች። በሳቅ ተዘረርኩ።

ቁርስ ላይ፣ ዮጋ የሚለው የሳንስክሪት ቃል ከቀንበርና ከመጥመድ ጋር እንደሚዛመድ ነገርኳት። "ቀንበር ካማረሽማ ጅሩ አጎትሽ ጋ ሂጂ፤ ሰኔ ደርሷል" አለችኝ።

ከሁሉ የወደድኩት መጨረሻ ላይ በጀርባ ተንጋሎ ዝም ማለቱን ነው። ትንፋሼ እንደ ጭስ ሲወጣ አያለሁ፣ ሌላ ምንም አላስብም። ለነገ ከአሁኑ ቸኩያለሁ። የዚህኛው ስም ግን "ሬሳ" ማለት ነው። እሱን ለእናቴ አልነገርኳትም።